«ወድቄያለሁ» ያሉት ሰውዬ

ባለፈው ዓመት በበረዶው ጊዜ የሆነ ነው። የሰውየው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ለዚህ ነው ልንገራችሁ ያልኩት።

የምኖረው ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ፣ ከልጄና ከልጅ ልጄ ከብሌን ጋር ነው። ብሌን እዚሁ የተወለደች ናት። አማርኛዋ እንደ ወንፊት ነው፤ አንዳንዱ ቃል ያልፋል፣ አንዳንዱ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ትምህርት ቤቱ ድሮ እዚያ ተምረው ለወጡ ሰዎች እያስደወለ ለችግረኛ ተማሪ መዋጮ ያስጠይቃታል፤ ለድካሟም ይከፍላታል። በረዶ ሲበዛ ከቤት ሆና ነው የምትደውለው፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ። የሚሰድባት አለ፣ የሚዘጋባት አለ። ሥራ ነው እንግዲህ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጋ ደውላ ስሟን ከነአባቷ ከተናገረች በኋላ ወዲያው አማርኛ ጀመረች። ያገር ሰው አገኘች ብዬ ደስ አለኝ። ቆየት ብላ፣ «አይዞህ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ብዙ ሰው ይወድቃል» ስትል ሰማሁ።

ምንድን ነው አልኳት በእጄ። እዚያ እንዳይሰማ አድርጋ፣ «ወድቄያለሁ እያለ ነው እማማ። ድሮፕ አውት ያደረገ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ መሰለኝ። ሳይከፋው ልዝጋለት» አለችኝ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ምንም አልመሰለኝ። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈተና እንዳትወድቂ እያለች ነው ያሳደገቻት፤ መውደቅ ሲባል ልጅቷ የምታውቀው ያንን ነው። ወደ ምስሬ ተመለስኩ። እሷ ጣቷን ወደ መዝጊያው እየላከች፣ «ያሳዝናል፣ ማንም አላነሳኝም ይላል» አለች።

ክው አልኩ። ፈተና የወደቀን ሰው ማን ያነሳዋል?

እጇን ለቀም አደረግኩት። «እንዳትዘጊ! መሬት ላይ ወድቀው ነው።»

ማዳመጫውን ስትነቅለው ድምፃቸው ከኮምፒውተሩ ወጣ። ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው። «አባቴ፣ የት ነው የወደቁት?» አልኩ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ። ዳሌያቸው አላንቀሳቅስ ብሏቸዋል። እየተሳቡ ስልኩ ጋ ሲደርሱ ነው እኛ የደወልነው፤ ስልኩን በሽቦው ጎትተው መሬት ላይ ጣሉትና አነሱት። ቤታቸው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ነው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ በሩ ተቆልፏል። ብሌን አድራሻውን እየሰማች በራሷ ስልክ ናይን ዋን ዋን፣ አምቡላንስ ጋ፣ ደወለች። 

ከዚያ ሰውየው ዝም አሉ። ብጠራቸው፣ «እንቅልፌ መጣ» አሉኝ።

እንቅልፉን ፈራሁት። አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ ጠየቅኩ፤ አገራቸውን፣ ልጆቻቸውን። መልሳቸው እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ወሬ አለቀብኝ። ሲጨንቀኝ፣ «ልጅቷን ይቅር ይበሏት፣ ፈተና የወደቁ መስሏት እኮ ነው» አልኩ።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ነኝ ፈተና የምወድቀው? በማዕረግ ነው የተመረቅኩት።»

«እንግዲህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳቸው።

ተናደዱ። ድልድይ ስለመሥራት፣ ስለ ሒሳብ፣ ስላስተማሯቸው ፈረንጅ ይነግሩኝ ጀመር። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት ምን አውቄ፤ ዝም ሊሉ ሲሉ ብቻ «እሱማ ቀላል ነው ይባላል» እላለሁ። እንደገና ይነሳባቸዋል። ብሌን አጠገቤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ከእኔ ጋር እየተጣሉ ሳሉ በሩ ሲሰበር ሰማን። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ይዳኑ ይሙቱ ሳናውቅ ሰነበትን። እህል አልበላ አለኝ። በኋላ ልጃቸው በትምህርት ቤቱ በኩል ብሌንን አፈላልጎ ደወለ። ዳሌያቸው ተሠርቶ በምርኩዝ መሄድ ጀምረዋል። እሱ የሚኖረው ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ ነው። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ደውሎላቸው አላነሱም። «ተኝቶ ነው ብዬ ተውኩት» ብሎ አለቀሰ።

አልፈረድኩበትም። እኔም በየአገሩ የተበተኑ ልጆች አሉኝ፤ ስልክ ሳላነሳ ስቀር ተኝታ ነው ይላሉ። አሁን የእውነት ተኝቼም ብሆን ተነስቼ አነሳለሁ። «ምነው እማዬ፣ ቀሰቀስንሽ እንዴ?» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ ተኝቼ ነበር። ይህንኑ ልነግራችሁ ነው ያነሳሁት» እላቸዋለሁ።