ወደ ሚስቴ ያጋደለው ሚዛን

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል፤ ካልተናገርኩት ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ የሌላ ሰው ጥፋት ይመስላል። ልጄ ስትወለድ እንኳ መጀመሪያ የቀናሁት በነርሷ ነው። ከእኔ ቀድማ አቅፋታለችና።

ዋናው ቅናቴ ግን ደሴ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ወርቅ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ከእኔ በፊት ለሚስቴ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ገራዶ ድረስ ሄደው የአባቷን ደጅ ጠንተዋል። አባቷም ፈቃደኛ ነበሩ ይባላል፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት። ለምን እንዳለች ጠይቄያት አላውቅም። መልሱ የማልወደው ቢሆንስ ብዬ እፈራለሁ።

ዓመት ሳይሞላ የእኔ ሽማግሌዎች ሄዱ። እኔ የወርቅ ቤት የለኝም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የምጠግን ሰው ነኝ፤ እጄ ቢታጠብ ባይታጠብ ግሪስ ይሸታል። ባል ለሙሽራዋ የሚሰጠው የመህሩ ነገር ሲነሳ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ከደጋን የመጣችው እናቴ ከአንገቷ ሁለት ጠገራ ብር ፈታች። በሰው ሁሉ ፊት፣ ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት ትከሻዋ ላይ የሰካችውን ጌጥ በጥፍሯ እየነካች ነጥቦቹን ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው።

«ድሮ ነጥቡ ካልሞላ ሰው አይቀበልም ነበር፤ ይኸው ሙሉ ነው» አለችና ለሚስቴ ሰጠቻት። «ይኸ ሀቅሽ ነው። ልጄም ቢሆን አይነካብሽም።»

ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ። ሸሽተን ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር። የልብስ ስፌት መኪናዋ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የበሩ መዝጊያ እንኳ የለም። ይዘን የተመለስነው ሚስቴ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራቸው የነበሩትን ሁለት ጠገራዎች ብቻ ነው። እነሱንም አልሸጠችም። የስፌት መኪና በዱቤ አውጥታ የተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች፤ በዓመቱ ልጃችን ተወለደች።

ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ሚስቴ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ለዚች ልጅ የማስቀምጥላት በመቀነት የሚቋጠር ነገር ነው።»

እኔ በማኅበር ተደራጅተን ለቤት መሥሪያ ቦታ እንመዝገብ ባይ ነበርኩ። «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ሳቀችብኝ። ባንክ ይሁን አልኳት። «ገንዘቡ ይቀመጣል፤ የሚገዛው ነገር ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ይሄዳል» አለች። እንግዲያው አምባር እንግዛላት ስላት፣ አምባር ሲገዛ የእጅ ዋጋ ይከፈልበታል፣ ሲሸጥ ግን የእጅ ዋጋውን የሚመልስ የለም ብላ አስረዳችኝ። የምትፈልገው ጌጥ የሌለው፣ ክብ፣ ሳንቲም የመሰለ ወርቅ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ግራም። ልጅቷ ስታድግ፣ ቢቸግራት አንዱን ትሸጣለች፣ ሌላው ይቀራታል።

ሚስቴ እንዲህ ብልህ በመሆኗ ደረቴ ተነፋ። «ይኸን ሁሉ ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ያ የደሴው ወርቅ ሠሪ» አለች፣ ክር በመርፌ እያስገባች። «እሱ ራሱ አቅልጦ ይሠራልኛል።»

ደረቴ ተነፈሰ።

ከዚያ በኋላ የስፌት ገንዘብ በተጠራቀመ ቁጥር ልጅቷን አዝላ በሚኒባስ ደሴ ትወጣለች። ስትወጣ አረንጓዴውን ሻሿን ታደርጋለች። ኮምቦልቻ ገበያ ስትሄድ የማታደርገውን ሻሽ!

«መንገዱ ላይ፣ ሐረጎ አቀበት፣ ጉሙ ብርድ ነው» ትለኛለች።

«ጉሙ የሻሽ ቀለም ይመርጣል እንዴ?»

ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትወጣለች። እኔም ሥራ ላይ ሆኜ ሰዓት እቆጥራለሁ። መውጫው ይኸን ያህል፣ መመዘኛው ይኸን ያህል፣ መውረጃው ይኸን ያህል። ግማሽ ሰዓት ከተረፈ ያ ግማሽ ሰዓት ለሦስት ቀን ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል። ልጄ አፍ ከፈታች በኋላማ ሰላይ አደረግኋት።

«ሰውየው እናትሽን ምን አላት?»

«ከረሜላ ሰጠኝ።»

«እናትሽንስ?»

«እሷ ከረሜላ አትወድም።»

ወርቆቹ አምስት ሲደርሱ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሚስቴ የምታስቀምጣቸው በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሁለቱ ጠገራዎች ጋር ነው። አንድ ጁምዓ ከሰዓት አልጋው ላይ ዘርግታ «ይኸ ሁሉ ያንቺ ነው» አለቻት። ልጅቷ ቢጫዎቹን ጨብጣ ሳቀች። እድሜ ያጠቆራቸውን ጠገራዎች ግን በእግሯ ገፋ አደረገቻቸውና «ቆሻሻ» አለች።

የእናቴ አንገት ላይ የኖረው ብር ቆሻሻ፤ የዚያ ሰው ወርቅ ግን መደሰቻ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጠገራዎቹን ኪሴ ከትቼ ሥራ ገባሁ። ወርክሾፓችን ውስጥ ዝገት የምናስለቅቅበት፣ የሽቦ ብሩሽ የተገጠመለት ሞተር አለ። ሰዉ ለምሳ ሲወጣ አስነሳሁትና ብሮቹን አስጠጋኋቸው። ፊትና ጀርባቸውን ደጋግሜ አሸኋቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። በመጨረሻ ፊቴን የማይባቸው መስታወት ሆኑ። እስቲ አሁን ማን ቆሻሻ ይላል ብዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቆርቆሮው ውስጥ መለስኳቸው። ሚስቴ ስታያቸው ትደሰታለች ብዬ አስቤ ነበር፤ አላህ ያውቃል።

ግን ብሩን ማብራት ብቻ አልበቃኝም። ያ ሰውዬ ሌባ እንዲሆን ፈለግሁ። በዚያው ሳምንት ሚስቴ አባቷን ለመጠየቅ ልጅቷን ይዛ ገራዶ ስትሄድ፣ ወርቁንም ብሩንም ከነቆርቆሮው ይዤ እዚያው ኮምቦልቻ ወደሚገኝ ሌላ ወርቅ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። አምስቱን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ አስነክተው ፈተኑ፤ ከዚያ ሚዛን ላይ አስቀመጡ። እኔ በልቤ «ያ ረቢ ጎደሎ አድርገው» ብዬ እለምናለሁ። የገዛ ልጄን ወርቅ! እናቷ ዓይኗ እስኪቀላ ሰፍታ የገዛችውን ወርቅ፣ እኔ አባቷ ሐሰት ይሁን ብዬ ዱዓ አደረግሁ። ከዚህ የባሰ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«ንጹሕ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ሁለት ግራም ነው ያልከኝ? ሁሉም ኸሁለት ያልፋል። ልጄ፣ እርግጥ ብዙ አይደለም። ግን እንዲህ የሚሸጥ ሰው ኸየት አገኘህ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሌባ ቢሆን ኖሮ በከሰስኩት፤ የማንም ሚዛን አንዴ ይሳሳታል እንዳልል አምስቱም ያልፋሉ። ለሰው ሚስት ወርቅ የሚጨምር ወንድ ምን ፈልጎ ነው? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ከዚያው ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ወጣሁ።

ለዓመታት በልቤ የሳልኩት ሰው ቁመናው ያማረ፣ ጢሙ የተከረከመ ነበር። ያገኘሁት ግን ራሱ መላጣ፣ መነጽሩ ወፍራም፣ ከእኔ ያጠረ ሰው ነው። ትንሽ ቀለል ሊለኝ ሲል እጆቹን አየሁ። ንጹሕ ነበሩ።

ሰላምታ ሰጥቼ፣ ማንነቴን ሳልናገር፣ ለወራት ባጠራቀምኩት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ባለሁለት ግራም ክብ ወርቅ ጠየቅሁ። ከመሳቢያው የተወሰኑ አወጣ። አንዱን መዘነው፤ ትንሽ አለፈ፤ መለሰው። ሌላውን መዘነው፤ ልክ ሁለት ሆነ፤ እሱን ሰጠኝ። አየህ! አልኩ በልቤ። ለእኔ ልክ ልኩን፣ ለሚስቴ ግን ያለፈውን።

ከዚያ ልጎርርበት ፈለግሁ። ጠገራዎቹን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኳቸው። አንዱን አነሳና ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ጥፍሩን አሳረፈ፣ ልክ እንደ እናቴ። ጥፍሩ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ።

«ነጥቦቹ የት ሄዱ?» አለኝ።

ነጥቦቹን ረስቻቸው ነበር።

«በሞተር ነው የተፋቁት» አለ እያገላበጠ። «ምን ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ? እነዚህ እኮ የሚፈለጉት በመልካቸው ነበር። አሁን እንደ ማንኛውም ጥሬ ብር በሚዛን ብቻ ነው የሚሸጡ። የማን ናቸው?»

«የሚስቴ መህር ነው» አልኩ። ለጉራ ያዘጋጀሁት ቃል እንደ ሌባ ኑዛዜ ሆኖ ወጣ።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «አሃ፣ የዚያች ትንሽ ልጅ አባት ነህ» አለ። «ቁርጥ አንተን።»

«ለሚስቴ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከልኩ አሳልፈህ የምትሰጣት?»

መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። «ወላሂ፣ እሷን ብትጠይቃት ይሻላል» አለኝ።

ማታ ሚስቴ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ወርቁ ስናገር የልጅቷን ጫማ እያወለቀች ሰማችኝ። ስለ ጠገራዎቹ ስናገር ግን እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። እሷም በጥፍሯ ፈለገች። እንባዋ መጣ፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሀቄን ነክተሃል» አለች።

ጠገራዎቹን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀጠለች።

«ደሴ ውስጥ ስንት ወርቅ ቤት አለ። እሱን የመረጥኩት እምቢ ያልኩት ሰው ስለሆነ ነው። የእሱ ሚዛን እኔ ላይ ትንሽ ቢጎድል አገሩ ሁሉ 'እምቢ ስላለችው ተበቀላት' ይለዋል። ይኸን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ እንዳይታማ ወደ እኔ ያጋድላል። ፊቴን እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ለልጄ ወርቅ የሚመዝንልኝ ኸሱ የተሻለ ሰው ኸየት ላምጣ?»

ያም ሆኖ አላስቻለኝም። «ሻሹስ?» አልኩ።

«ሻሹን የገዛኸው አንተ ነህ። እምቢ ያልኩት ሰው ፊት ተጎሳቁዬ ልቅረብ? ባሏ አላለበሳትም ይበል?»

ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር እስካሁን አልለቀቀኝም። የእኔንም ወርቅ፣ ልክ ሁለት ግራም የሆነችውን፣ ተቀብላኝ ከሌሎቹ ጋር ጨመረቻት። ጠገራዎቹን ለብቻ ጠቀለለቻቸው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለኢድ እናቴ ከደጋን መጣች። ምሳ ከተበላ በኋላ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «እስቲ ጠገራዎቹን አምጡልኝ፣ ነጥቡን ላስቆጥራት» አለች። ሚስቴ አየችኝ። አመጣቻቸው።

የእናቴ ጥፍር ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ዞረ፤ ምንም አላገኘም። ብሩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«በእኔ ጥፋት ነው፣ እማማ» አለች ሚስቴ። «ስንሸሽ መቀነቴ ውስጥ ቆዩ፤ ኸዚያ ወዲያም አወልቄያቸው አላውቅም። መፈጋፈግ ጨረሳቸው።»

እናቴ የሚስቴን እጅ ይዛ ሳመችው። «ኸገላሽ ሳይለይ ጠበቅሽው ማለት ነው፣ የኔ ዓለም» አለች። «ለእኔስ ኸወለድኩት ልጅ አንቺ ትበልጪብኛለሽ። አላህ ያክብርሽ።» ምርቃቱ አላለቅ አለ። በእኔ ስም አንዲት ምርቃት እንኳ አልወጣም።

ወላሂ ቀጥዬ የተናገርኩት ሐቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። ቅናት ነው ያናገረኝ።

«እኔ ነኝ የፋቅኋቸው!» አልኩ።

እናቴ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ብሩን ለሚስቴ መለሰችላትና፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ እንግዲህ የልጅቱን ወርቅ የት እንደምታስቀምጪው ለዚህ ሰው እንዳትነግሪው።»

ሚስቴ ምክር ትሰማለች። ቆርቆሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦታው የለም፤ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ መጠየቅም አልደፍርም። ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እናቷም አረንጓዴውን ሻሿን አድርጋ ደሴ መውጣቷን አላቆመችም። የልጄ ወርቅ ዛሬ ስንት እንደደረሰ እኔ አባቷ አላውቅም። ከሚስቴ ሌላ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ያ ወርቅ ሠሪ ነው።