መርዶ እና ሙሉ ልብስ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ጆሃንስበርግ ስንመጣ ብዙ ነገር ትተናል፤ ይሄን ግን አልተውንም። አገር ቤት እናት ወይ አባት ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለዘመድ ወይ ለሰፈር ልጅ ነው። የሞተበት ሰው ምንም ሳያውቅ አንድ ሁለት ቀን ሱቁን ከፍቶ ይስቃል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ አምስት ስድስት ሰው ነጠላ ለብሶ በሩን ያንኳኳል። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዙታል።

አምና ሰኔ ላይ፣ ሱቃችን ያለበት የጀርሚስተን ብርድ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰሞን፣ ለአክስቴ ከአዲስ አበባ ተደወለላት። ብርድ ልብስና መጋረጃ የምንሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነበርን። ስልኩን ዘግታ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«የዚያ ልጅ እናት አረፈች» አለችኝ።

ሟቿ አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ሰፈሩ ወንድ ብሎ ያሳደጋት፣ እዚህ ከመጣች በኋላ እንደ ሴት የምትኖር፣ አሌክሳንድራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጥፍር እየሠራች የምታድር። እኔ «እሷ» እላታለሁ። አክስቴ «እሱ» ትላለች።

የሷን ነገር ሐበሻው መሃል የዘራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መጋረጃ ልትገዛ ሱቃችን ገብታ በሳቋ አወቅኳት። ተቃቅፈን ተላቀስን። ምሳ ሳይደርስ ለአክስቴ ነገርኳት። ክፋት አልነበረኝም፤ አፌ አይዘጋም፣ በቃ። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልሰማ አልቀረም። በወሩ እናቷ ጆሮ ደረሰ።

የዚያን ዕለት ሱቅ እንደዘጋን ሦስት የማኅበራችን ሽማግሌዎች መጡ። በተጠቀለለ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው መከሩ።

«ለቅሶማ እንቀመጣለን። የሴትዮዋ እጅ ያልነካው የሰፈር ልጅ አለ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ልጁ ቀሚሱን ለብሶ ቢመጣስ?»

«ወንዶቹ ጋ ቢቀመጥ ጉድ፣ ሴቶቹ ጋ ቢቀመጥ ጉድ!»

እኛ ጋ ለቅሶ ላይ ወንዶች ደጅ ድንኳን ሥር ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶች የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መሃል የሚባል ቦታ የለም። መላውን ያገኘችው አክስቴ ናት። ከጎረቤት ሱቅ ጥቁር የወንድ ሙሉ ልብስ ገዝታ በላስቲክ አንጠልጥላ መጣች።

«ለአንድ ቀን ነው። ለእናቱ ሲል ይለብሳታል። አንቺ ነገ በጠዋት ሂጂና ስብሰባ አለ ብለሽ፣ አልብሰሽ አምጪው። መርዶውን አዳራሹ ውስጥ እኛ እንነግረዋለን።»

«ዋሽተሽ አምጪው ነው የምትይኝ?»

«መርዶ መቼ ያለ ውሸት ተነግሮ ያውቃል? አንቺ ልጅ፣ ክርክርሽን ለነገ አቆዪው።»

አልተከራከርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ መላው መላ መስሎኝ ነበር። እሁድ ማለዳ ታክሲ ውስጥ ላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ የማስበው ሱሪው ይበቃት እንደሆነ ነበር። ሌላ ምንም አላሰብኩም።

የምትኖረው በአንዲት ጎጎ ግቢ፣ ከኋላ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ጎጎ እዚህ ለአሮጊት የሚባል ነው፤ ሰውም እሷም ስሟን የረሱት ይመስለኛል። አንኳኳሁ። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል፣ እግሯ ላይ ካልሲ አለ። ፈገግ አለች። ከዚያ ነጠላዬን አየች። ሰማዩን አየች፤ ገና በደንብ አልነጋም።

«እናቴ ናት?» አለች።

ማንም ያላሰበው ይሄንን ነው። ሦስት ሽማግሌና አክስቴ ሲመክሩ አምሽተው፣ እኔን ነጠላ አልብሰው፣ በማለዳ፣ ሐበሻ ሐበሻን ለሌላ ነገር በማያንኳኳበት ሰዓት ላኩኝ። ማንኳኳቴ ራሱ መርዶ ነበር። «ስብሰባ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ስትወድቅ የሚይዛት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ቀጭን ነኝ። አብረን ወደቅን።

ጩኸቱን ሰምታ ጎጎ በፒጃማዋ መጣች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። የተከራዮቹን ሴቶች ጠራች፣ ፍራሹን ከአልጋ ላይ አውርደው መሬት አነጠፉት፣ እሷን አስቀመጡና ብርድ ልብስ ደረቡላት። እነሱ ጋም የሞተበት ሰው ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጎጎ ከጎኗ ተቀምጣ በዙሉኛ መዝሙር ጀመረች። ቋንቋው ባይገባኝም አለቀስኩ።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ክፍሏን ሞላት።

«አለበስሽው?»

ልጅቷ ቀና አለች። ላስቲኩን ስባ ከፈተችው። ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ሰዉ ይቀበልሽ ብለው ነው» አልኩ። «አንድ ቀን ምናለበት?»

«እናቴ ስለኔ ከተነገራት በኋላ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች» አለች። «አንድ ጊዜ ረገመችኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ምን እየበላህ ነው፣ ብርዱስ እንዴት ነው አለችኝ። ሁለቴም ያወራችው ከኔ ጋር ነው፤ ከዚህ ኮት ጋር አይደለም። የምትቀብሪያት እናት ያለችሽ አንድ ናት። እሷንም ሌላ ሰው ሆኜ ላልቅሳት?»

ያኔ ነው የክሊኒክ ካርዴ ትዝ ያለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አክስቴ ቦርሳዬ ውስጥ አግኝታው፣ የወሊድ መከላከያ መርፌ እንደምወጋ አወቀች። «ሳታገቢ? በሰው አገር? የናትሽ አደራ አለብኝ እኮ!» ብላ ሱቁን አናወጠችው። እኔ ደግሞ ደንበኛ እየሰማ «ገላዬ ነው! አንቺ አትወጊልኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም፣ እኔም ጀግና መስዬ ተንጎራደድኩ። ገላዬ የኔ ነው ብዬ የጮህኩ ሴትዮ፣ በሁለት ሳምንቴ ለሌላዋ ገላ የሰው ምርጫ በላስቲክ ይዤ መጣሁ። መርሕ ነው ያልኩት ለካ የራሴ ጥቅም ነበር። ለሌላ ሰው ካልሠራ ምኑን መርሕ ሆነው?

«አትልበሺው» አልኳት። «ካልፈለግሽ አንሂድ። እዚህ እንቀመጥ።»

«አይ። ጎጎ ደግ ናት፣ ግን እናቴን አታውቃትም። የሚያውቃት ሰው መሃል ነው ማልቀስ የምፈልገው።»

ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ነጠላ አልነበራትምና የኔን አዘቅዝቄ አለበስኳት። ኮቱን ጎጎ ቤት ትተነው ሄድን።

አዳራሹ በር ስንደርስ ካርታው ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ መንገዱን ዘጋ።

«ይሄ ነው ውሉ?» አለኝ እኔን። ወደሷ አላየም። «እንዲህ ሆኖ አይገባም።»

«ታዲያ መሃል መንገድ ላይ ታልቅስ? አባባ፣ የሞተችው እናቷ ናት!»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን…»

አልጨረሰም። እሷ እዚያው ግቢው መሃል ቆማ እናቷን ጠራች። «እማ! ጉልት ውለሽ ያሳደግሽኝ! በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይዘሽ ትምህርት ቤት በር የምትጠብቂኝ!» እያለች ደረቷን መታች። ለቅሶ ሲነሳ ዝም የሚል ሐበሻ የለም። ውስጥ ያሉት ሴቶች ማን እንደሆነ ሳያዩ ተቀበሏት፤ እየጮሁ ወጡ፣ ከበቧት። ሽማግሌውም ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ለጥቂት ደቂቃ ሴት የት፣ ወንድ የት የሚል አልነበረም።

ለቅሶው ሲበርድ ዓይን ተገለጠ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አራግፈው ወጥተው ሄዱ። አንዷ በሩ ጋ «እግዜር ይቅር ይበለን» ስትል ሰማሁ፤ ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ እጇን ይዤ አስገባኋትና ሴቶቹ ጋ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ማንም ነይ፣ ማንም ሂጂ አላለም። በግራዋ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ቀረ።

አንዲት ከቶኮዛ ሰፈር የመጣች፣ ጉራግኛ ለዛ ያላት እናት ናት መጀመሪያ ያናገረቻት። ሰፈራችንን አታውቀውም፤ ለቅሶ ነው ሲሏት የመጣች ናት።

«እናትሽ በምን ታመው ነበር የኔ ልጅ?» አለች።

የለቅሶ ቤት ተራ ጥያቄ ነው። እሷ ግን መልሱን አታውቅም። ማንም አልነገራትም። አፏን ከፍታ ዙሪያውን አየች። አዳራሹ ውስጥ መልሱን የምታውቀው አክስቴ ብቻ ነበረች፤ ከወዲያኛው ግድግዳ ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ልለምናት ስነሳ ራሷ ተነሳች። መጥታ በግራዋ በቀረው ክፍተት ላይ ተቀመጠች። ወደ ልጅቷ አልዞረችም።

«ስኳር ነበረባት» አለች፣ ለምንጣፉ። «ስኳሩ ኩላሊቷን ያዘው። ሆስፒታል የቆየችው አራት ቀን ነው። ብዙም አልተሠቃየችም። ሐሙስ ዕለት ፀጉሬን አበጥሩኝ ብላለች። አበጥረዋታል። አልጋዋ መስኮቱ ጋ ነበር።»

«ማን አጠገቧ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«እህቴ ነበረች። እጇን ይዛት ነበር።»

«ቀብሩስ?»

«ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር አሉ።»

እሷ ትጠይቃለች፣ አክስቴ ትመልሳለች። ስንት ሰዓት፣ ማን ገነዘ፣ ዝናብ ነበር ወይ። አክስቴ አንዴም በስሟ አልጠራቻትም፤ አንዱንም ጥያቄ ግን አላለፈችም። የማታውቀውን «እሱን እጠይቃለሁ» ትላለች።

በሳምንቱ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እየለካን አክስቴ ድንገት «አርባው እኔ ቤት አይሆንም» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ? አሌክሳንድራ ነው የሚሆነው፣ ጎጎ ግቢ። ትመጫለሽ?»

«እስኪ እናያለን።»

እምቢ አላለችም። ትልቅ ነገር ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አይደለም። እናት የምትሞተው አንዴ ነው፣ «እናያለን» የሚባልበት ነገር አይመስለኝም። እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ሜትሩን ከእጄ ቀምታ ለካች፣ ጨርቁን ቆረጠች።

«ስንት ሰው ይመጣል?» አለች፣ ቀና ሳትል።