ታጥቦ የመጣው ጠርሙስ

ትላንት ላብራቶሪ ስገባ ፍሪጁ ተበርግዶ፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ክረምት ስለሆነ ደግሞ ገብቶ ያየው ሰው የለም። ህንዳዊው ፕሮፌሰሬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ያነሳሉ፣ ያያሉ፣ ይጥላሉ። የእኔዋ ቱቦ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ይቺም አልቆላታል" አሉኝ። "ሌላ ቦታ የቀረሽ ነገር አለ?"

የምረቃ ጋዋኔን እንኳን ገና አልመለስኩም። በዛ ሰዓት መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቅሁ። የካቻምናው ቡሄ ዋዜማ ፊቴ ድቅን ብሎ ነው።

ስራዬ እርሾ ነበር። ዲግሪውን የሚሰጠኝ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ምርምሩን የምሰራው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ከየአገሩ የዳቦ እርሾ እየሰበሰቡ፣ ውስጡ ያለውን ሕይወት ያለው ነገር ለይቶ ማሳደግ። እናቴ ለሰው ስትናገር ታፍር ነበር። "የሰው ልጅ ሀኪም ይሆናል፣ የእኔዋ ሊጥ ስትጠብቅ ትውላለች" ትላለች። ካመጣኋቸው ሁሉ አንዷ የተለየች ነበረች። ከመንዝ ነው ያመጣኋት፤ ሌላው እርሾ በብርድ ሲተኛ እሷ ኩፍ ትላለች። ኮልፌ ክረምት ያሳለፈ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሐምሌና ነሐሴ ሊጥ አልነሳም ይላል። ሴቱ ሁሉ የሊጥ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ እሳት ዳር አስቀምጦ፣ እንደታመመ ልጅ እየገለጠ ሲያየው ይውላል።

ያን ዓመት ተማሪው አድማ መታና ግቢው ተዘጋ። ፖሊስ በሩ ላይ ሳይቆም በፊት ቱቦዎቼን በቦርሳ ይዤ ሹልክ አልኩ። ቤታችን ፍሪጅ የለም። ቱቦ ውስጥ ትደርቅብኛለች ብዬ የመንዟን ወደ ዱቄቷ መለስኳት፤ ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ሊጥ አቡክቼ፣ ዱቄትና ውሃ እየጨመርኩላት ጓዳ መደርደሪያ ላይ አኖርኳት። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ "አይነካም" ብዬ ጻፍኩበት። እናቴ ማንበብ ትችላለች፣ ደህና አድርጋ ነው የምታነበው።

የዛኑ ክረምት ናይሮቢ ኮንፈረንስ ተጠራሁ። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ፓስፖርት ለማውጣት ከጃንሆይ ፎቶ ስር ስንት ቀን እንደተሰለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፕሮፌሰሬ ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል፦ "ነፍስ ያለባትን ይዘሽ ሂጂ። እዛ ያሉት ሰዎች በዓይናቸው አይተው ካላረጋገጡልሽ ስራሽ ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።" ላብራቶሪ የቀረው መጠባበቂያ ግቢው ሲዘጋ ተበላሽቷል። የቀረችው ያቺ ጠርሙስ ብቻ ናት። በረራዬ የቡሄ ለት ጠዋት ነው።

ግቢው ሲዘጋ ሌላም አመል አወጣሁ፤ ሳይክል። ከሰፈራችን ጎሚስታ እየተከራየሁ፣ የወንድሜን ሱሪ ታጥቄ፣ ሜዳው ላይ እየወደቅኩ ለመድኩ። "አንቺ፣ በቅሎሽ ደነበረች!" የማይለኝ ሰው አልነበረም። ይበሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉ ነገር በመለኪያ ነው፣ በጠብታ ነው፣ ጠብቂ ነው። ሳይክል ላይ ግን ከረገጥሽ ትሄጃለሽ፣ በቃ።

የቡሄ ዋዜማ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ዋልኩና ከሰዓት ሳይክሉን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር። ተደፍቶ። ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል፣ ፕላስተሩ ግማሹ ተልጧል፣ መስታወቱ ያብለጨልጫል።

"እማዬ! እዚህ ውስጥ የነበረውስ?"

"አስካለ ወሰደችው። ሊጧ እምቢ ብሏት። አየሽ፣ እንዴት አርጋ አጥባ እንደመለሰችው? ጨዋ ናት።"

"ሁሉንም?"

"ለቡሄ ዳቦ ቆንጥሬ ልስጣት? ሰጠኋታ!"

"አይነካም ብዬ ጽፌ የለም እንዴ?"

"ለልጆቹ መስሎኝ።"

"እማዬ፣ ነገ ጠዋት እኮ ነው የምሄደው! ምን ይዤ ልሂድ?"

እናቴ ዱቄት የምትነፋበትን እጇን አራግፋ ቀና አለች። "ጎረቤት እርሾ ብላ መጥታ፣ እያየችው፣ የለም ልበላት? አንቺ ናይሮቢ ስትሄጂ እኔ እዚሁ ነኝ የምኖረው። ደግሞ ልጠይቅሽ ብል የት ነበርሽ? ብረትሽ ላይ።"

መልስ ነበረኝ። ጊዜ ነው ያልነበረኝ።

እትዬ አስካለ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ስገባ የመጨረሻው ዳቦ እሳት ላይ ነው። እርሾ እሳት ካገኘው ሞተ ማለት ነው። የተረፈ ሊጥ እንዳለ ጠየቅኳቸው።

"ወይኔ ልጄ፣ ጠራርጌ አሁን ደፋሁት! ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ። ለእህቴ ግን ጠዋት ቆንጥሬ ልኬላታለሁ፤ ለተዋቡ። ቤቷን ታውቂው የለ፣ ቀራንዮ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ።"

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የለም። አንዱ ሴይቼንቶ ታክሲ ቆመልኝና ቀራንዮ ስለው "በዚህ ጭቃ? መኪናዬን አልጠላኋትም" ብሎኝ ሄደ። ሳይክሉን አንስቼ ወጣሁ።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። የዛ መንገድ ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ጎማውን ይዞ አይለቅም። ከየግቢው የዳቦ ሽታ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምራቄን የሚያስውጠኝ ሽታ ያን ቀን አንጀቴን አሳረረው፤ እያንዳንዱ ሽታ አንድ እርሾ አለቀለት ማለት ነበር። ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ በደነገጥኩ ቁጥር መሪው ይዞርብኛል። አንዴ ባህር ዛፍ አጥር ውስጥ ገባሁ። ተነሳሁ፣ ረገጥኩ። ጉልበቴ መድማቱን ያወቅኩት እትዬ ተዋቡ በር ላይ ስደርስ ነው።

እትዬ ተዋቡ ከላይ እስከታች አዩኝ። "የማን ሱሪ ነው?"

"የወንድሜ። እትዬ፣ እርሾው፣ አስካለ የላኩልዎት፣ ቀረ?"

"እሱማ ደርሷል! ግቢ፣ በትኩሱ ቅመሺ።"

ሙልሙሉ ሰፌድ ላይ ተደርድሯል፤ ቅርፊቱ ወርቅ መስሎ። አልቀመስኩም። በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ማልቀስ የሞት ሞቴ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ለሊጥ ይለቀሳል? ደግሞ ምነው እዚህ ድረስ ለፋሽ? ስለዚች እርሾ የነገረችን ዘይነባ አይደለችም እንዴ፣ ያቺ እናንተ ጋ ያለችው ባለሱቅ። ከእናትሽ ቤት ከወሰደች ሰነበተች እኮ። በዚህ ብርድ ዳቦዋ ተነፍቶ ብናይ ነው አስካለን ሂጂ ጠይቂ ያልናት።"

ሰነበተች! እናቴ ለካ ቆንጥራ እየሰጠች፣ የጎደለውን በራሷ ዱቄት እየሞላች፣ እኔ ስመግበው የከረምኩት ጠርሙስ ከኋላዬ የሰፈር ሆኗል። መናደድ ነበረብኝ። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ፦ እትዬ ዘይነባ ሙስሊም ናቸው። ለቡሄ አይጋግሩም።

ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ ረጥቦ አልያዘም። በጫማዬ መሬቱን እየጫርኩ፣ "ዞር በሉ!" እያልኩ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሱቃቸው ደጃፍ ደረስኩ። ለመግሪብ ሶላት ሊዘጉ ነበር።

"እትዬ ዘይነባ፣ እርሾ!"

"ሰላምታስ? ኮሌጅ ሲገቡ ሰላምታ ይረሳል?"

"እንደምን ዋሉ። እርሾ!"

ስቀው ወደ ጓዳ ገቡ። የሸክላ ጎድጓዳ በሳህን ተከድኖ ይዘው መጡ። ገለጡት። ሽታዋን አውቃታለሁ፤ መጀመሪያ ኮምጠጥ፣ ቀጥሎ እንደበሰለ ፍራፍሬ። ኩፍ ብላ ሳህኑን ልትነካው ደርሳለች። እጄን ሰደድኩ።

"ቆይ፣ ስንቱን ነው?"

"ሁሉንም። ሁሉንም ይስጡኝ።"

"ሁሉንም አልሰጥሽም።"

"እትዬ፣ ነገ ይዤው ካልሄድኩ የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ! ዲግሪዬ ነው ይሄ!"

"ይሁን። እኔ ቤት እርሾ ተጠርጎ አይወጣም። ግማሹን ውሰጂ። ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ምን ልበለው?"

"ማንም አይመጣም!"

"አንቺ አሁን መጣሽ አይደል?"

ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። ሴትየዋ ንቅንቅ አላሉም። ግማሹን በሲኒያቸው ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ጠርሙሱን አድርቃ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ሸፍና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነበር። ከሲኒው ወደ ጠርሙሱ ገለበጥኩና ሳላመሰግናት ተኛሁ። ጠዋት ግን ሻንጣዬን ስከፍት ጠርሙሱ በእሷ ሹራብ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ያላት ሙቅ ልብስ እሱ ብቻ ነበር።

ናይሮቢ ላይ፣ ናሙናው ከየት ነው ሲሉኝ መንዝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስንት እጅ፣ ስንት ዱቄት ነክቷት መንዝ ልበል? "ኮልፌ፣ ከአንድ ባለሱቅ ጓዳ" አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ። ቀዝቃዛ ክፍል አስገብተው አሳደሯት፤ ጠዋት ኩፍ ብላ አገኟት። ያቺው የድሮዋ ናት ወይስ ሌላ ተቀላቅሎባታል? ምዬ መናገር አልችልም። መመረቂያ ጽሑፌም ላይ እንደዛው አድርጌ ነው የጻፍኩት። ፈታኞቼ እዛች ገጽ ላይ ሲደርሱ አላቡኝ፤ ግን አለፍኩ።

እና ትላንት ፕሮፌሰሬ "ሌላ ቦታ የቀረሽ ነገር አለ?" ሲሉኝ፣ "ሳይኖር አይቀርም" አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ከዛው ጎሚስታ ሳይክል ተከራየሁ። መንገዱ ያው ጭቃ ነው፣ የሚሰድበኝም ያው ነው። ስሄድ ሳስበው፣ ያን ቀን ያሳበደኝ ነገርና ዛሬ የሚያተርፈኝ ነገር አንድ ነው፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። የላብራቶሪው ፍሪጅ ቁልፍ ነበረው። የእናቴ ጓዳ ቁልፍ የለውም፣ የእትዬ ዘይነባም እንደዛው።

እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ከሳይክሉ ወርጄ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠሁ። ረጅም ሰላምታ፣ ከነልጆቻቸው። ከዛ የካቻምናውን ባዶ ሲኒ አሳየኋቸው።

"አሁንም ሁሉንም ልትዪኝ ነው?" አሉኝ።

"ግማሹ ይበቃኛል" አልኩ። "ሲኒውንም አጥቤ ነው የማመጣልዎት።"