እኩል የተካፈልነው እሾህ

ዓርብ ጠዋት፣ አምቦ

ከቤቴ የወጣሁት ለሽርሽር አይደለም። የጎረቤቴን የኦቦ ቶላን ጥፋት የሚያረጋግጥልኝ ማስረጃ ፍለጋ ነው። ኦቦ ቶላ ንብ አናቢ ነው፤ ዝምተኛ። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምቦ ወጣ ብሎ ያለውን የገበሬ ማኅበራችንን ግጦሽ የወፍ ቆሎ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ከወረረው ሦስት ዓመት ሆነው። አበባው በአንድ ራስ ላይ ቢጫም ቀይም ስለሆነ ለዓይን ያምራል። ቅጠሉን የበላች ከብት ግን አፍንጫዋ ይላላጣል፣ ፀሐይ ትሸሻለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ጥጃዬን የቀበርኩት በእሱ ነው።

ካቻምና ግንቦት ላይ በደቦ ወጥተን መነጠርነው። ጉልበት ያላቸው ሰዎች የተቆረጠውን ለአጥራቸው ሊያግዙት ሲሉ መሐል ገብቼ ጮህኩ። "ሁላችንም ደክመናል፣ ሁላችንም እኩል እንወስዳለን!" አልኩ። ራሴ እየቆጠርኩ ለየቤቱ አምስት አምስት ሸክም አካፈልኩ፤ አልጋ ላይ ለዋለችው አሮጊት ሳይቀር ድርሻዋን ደጇ አስደረስኩ። ድርሻውን ቤቱ ያልወሰደ ኦቦ ቶላ ብቻ ነበር። እዚያው ሜዳው ላይ ክብሪት ጫረበት። የሰው ልፋት መናቅ ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት።

ቁጥቋጦው በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ያውም ግጦሹን አልፎ በየጓሯችን። ማን ዘራው? አበባ የሚጠቅመው ለማን ነው? ለባለ ንብ! ይህንኑ በስብሰባ ላይ ተናገርኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበርም ነገሬን ወደደው፤ እሁድ ተሰብስበን ምንጩ አጠገብ ያለውን የኦቦ ቶላን የቀፎ ቦታ ልንነጥቀው ነው። ያን ቦታ ካጣ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

"አዴ ወርቂቱ፣ ስዘራ አይተሽኛል?" ብሎ ኦቦ ቶላ እዚያው ሰው ፊት ጠየቀኝ።

"ሳላይ አላወራም" አልኩት።

አላየሁም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ይህ ነገር ከነከነኝ። ባኮ ስለ አረም የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ሲሉ ስለሰማሁ፣ "ሰው የዘራው ነው" የሚል ቃል ከአፋቸው ልቀበል ከማኅበሩ የጉዞ ይለፍ ወረቀት አስጽፌ፣ አንድ ቅርንጫፍ በከረጢት ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ኬላው

ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው አውቶቡሱ ማቃሰት ጀመረ። ጌዶ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ከረጢቴን በዓይኑ ወጋው።

"እማማ፣ ምንድን ነው የያዙት?"

"እሾህ።"

"እሾህ ወዴት ይወሰዳል?"

"ላስመረምረው።"

"ታሟል እንዴ?" አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

ፈታሹ ግን አልሳቀም። "ከሥሩ ሌላ ነገር የለም?"

"እጅህን ከትተህ እየው" አልኩት። ከተተ። ወዲያው አወጣና ጣቱን እየመጠጠ እንድናልፍ ምልክት ሰጠ። ተጠራጣሪ መሆኑን ወደድኩለት።

እጃጂ

ጌዶ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ብርጭቆ ሻይ በዳቦ ቀምሼ ቁልቁል ወረድን። እጃጂ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ፤ እስኪጠገን ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የጓሮው አጥር የወፍ ቆሎ ነው፤ ለምልሞ የሱቁን ቆርቆሮ ሊነካ ደርሷል።

"ይህን ማን ተከለው?" አልኩት።

"ማንም አልተከለውም፣ እናቴ። ደረቅ አጥር ብለን አጠርን፤ ክረምቱ ሲገባ በቀለ።"

አላመንኩትም። ጨርቅ የሚለካ ሰው ስለ ቁጥቋጦ ምን ያውቃል? ደግሞስ ከኦቦ ቶላ ማር የሚገዛ ቢሆንስ? ብጠይቀው፣ "ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ማር አይስማማኝም" አለኝ። ይህንንም በልቤ ያዝኩት።

ባኮ

ባኮ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ነጠላዬን አወረድኩ፤ በስሙኒ ሸንኮራ ገዝቼ እየጋጥኩ በበቆሎው ማሳ መሐል አቅጣጫ ጠይቄ ሰዎቹ ዘንድ ደረስኩ። ያነጋገረኝ እጁ በአፈር የሻከረ የማሳ ሠራተኛ ነው። ቅርንጫፌን አይቶ አፈር የሞላበት ጣሳ አመጣ። የተሰካውን የወፍ ቆሎ እንጨት መዥረጥ አደረገው፤ እንደ ጢም ሥር አብቅሏል።

"ይህ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር" አለ። "የቆረጣችሁትን ምን አደረጋችሁት?"

"አጥር።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም። እኩል።"

"ፍሬ ይዞ ነበር?"

ሸክሙን ስቆጥር መዳፌ በፍሬው የጠቆረው ትዝ አለኝ። ፍሬውን ደግሞ ወፎች እየበሉ በኩሳቸው በየቦታው እንደሚዘሩት ነገረኝ።

"ለመሆኑ ማነው ያከፋፈለው?" አለ።

በቆሎው ምን ያህል እንዳደገ የማይ መሰልኩ።

መላውን ግን ሳልጠይቅ አልተውኩም። ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ መንቀል፣ ግንዱን በደንብ አድርቆ መማገድ። ቅጠሉን ደግሞ አድርቀው ለዘር በተቀመጠ በቆሎ መሐል ያደርጉታል፤ ነቀዝ ይሸሸዋል አለኝ።

"መርዝ እህል ውስጥ?" አልኩ።

"ለዘር አልኩ እንጂ ለድስት አላልኩም፣ እማማ።"

ከተቀመጠው በቆሎ እፍኝ አስወጥቼ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ነቀዝ አጣሁበት።

ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ

ባኮ አድሬ ስመለስ በየከተማው የወፍ ቆሎ አጥር ስቆጥር መጣሁ። ኬላውን ካለፍን በኋላ መቁጠሩን ተውኩ። ባኮ የሰማሁትን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ይህን ሐሳብ እስከ ጉደር ይዤው መጣሁ።

አምቦ እንደወረድኩ ቤቴ ሳልገባ በመንደራችን አጥር ሥር ዞርኩ። በየቤቱ ጓሮ የወፍ ቆሎ አለ፤ አሮጊቷም ደጅ አለ። ኦቦ ቶላ ቤትም ቀፎው ዘንድም ግን አንድም እግር አጣሁ። አምስቱን ሸክም ያቃጠለው ሰው ጓሮ ንጹሕ ነው።

እሁድ

ስብሰባው ላይ ከማንም ቀድሜ ተነሳሁ።

"ኦቦ ቶላ፣ ያን ቀን ለጠየቅከኝ መልሱ፣ አላየሁም ነው።"

ሊቀመንበሩ ተቆጣ። "ታዲያ ማን ዘራው?"

"እኔ። በየደጁ፣ አምስት አምስት ሸክም።"

ጣሳውንም፣ ሥሩንም፣ ፍሬውንም ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። የቀፎው ቦታ ግን ሳይነካ ቀረ። ሁሉም የየራሱን እንዲነቅል ተስማማን፤ እኔ የራሴንና የአሮጊቷን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፤ እኩል ከማካፈሌ በፊት የማካፍለው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ዶማዬን ይዤ ጓሮዬ ስወርድ ኦቦ ቶላ ቀድሞኝ ቆሟል።

"ምን ፈልገህ መጣህ?" አልኩት። ጥርጣሬ በአንድ ጉዞ አይለቅም።

"ድርሻዬን።"

ከነሥሩ ነቅዬ አምስት ሸክም ቆጥሬ ሰጠሁት። ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሲደርቅ መጥቶ ክብሪት ጫረበት።