ምርጫው ባይኖር

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ቆሞ ነበር። ታክሲ ነጂው ቴሌቪዥኑ ሥር፣ በጠበቃ ቢሮ የሚሠራው ጎልማሳ ከእሱ አጠገብ። ሰው ሲጣላ በሽምግልና የሚጠሩት ጋሼ ለብቻቸው፣ የፌርፋክስን መንገድ በሚያሳየው መስኮት በኩል ተቀምጠዋል። እኔ የገዛሁትን እንጀራ ይዤ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ የምርጫ ተወዳዳሪ ያወራል። ስለ እሱ የምታውቀውን እንዳትናገር ለአንዲት ሴት ገንዘብ ተከፍሏታል። ክርክሩ፣ ክፍያው የግል ጉዳይ ነው ወይስ የምርጫ ወጪ የሚል ነው።

«ሚስቱን ፈርቶ ቢሆንስ?» አለ ታክሲ ነጂው። «ሚስት መፍራት ክራይም ሆነ እንዴ?»

«ስንት ዓመት ሳይፈራት ኖሮ፣ በምርጫው ሰሞን ነው የፈራት?» አለ የጠበቃ ቢሮው ሰው። ተሳቀ። «ሶ፣ ጠበቆቹ የሚከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው። ምርጫው ባይኖርም ይከፍል ነበር? አዎ ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው። ካልሆነ የምርጫ ወጪ ነው፤ ሪፖርት መደረግ አለበት።»

ባለቤቱ አልሳቀም። ብርጭቆ ይወለውል ነበር።

በእሱ ወጥ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ካቻምና በእንግዶች ፊት «አንቺ» ብሎ፣ ቅቤ ሰርቀሻል ብሎ አባረረኝ። ቅቤው በማግስቱ ከሌላው ፍሪዘር ውስጥ ተገኘ። የነገረችኝ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ናት፤ እሱ ምንም አላለም።

ሰባት ወር በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ጋሼ ሁለት ሰዎች አስከትለው ኢንግልዉድ ያለችው ቤቴ ድረስ መጡ። ወንበሬ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንደኛው አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ከባለቤቱ የተላከ ካሳ ነው ብለው ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሰጡኝ። ነገሩ ከዚህ ቤት አይውጣ አሉ፤ እሺ አልኩ። የሽምግልና ወጉ ነው፣ ከታረቁ በኋላ ነገር አይነሣም። ደስ ብሎኝ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ ባለቤቱ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። እኔም እጄን አውጥቼለታለሁ። ይህን ክርክር እስከሰማሁበት ቅዳሜ ድረስ ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም።

«እትዬ፣ ቆመው ቀሩ እኮ። ቁጭ ይበሉ» አለኝ ታክሲ ነጂው።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ምርጫው ባይኖር ይመጡ ነበር?»

«የት ነው የሚመጡት?» አለ ታክሲ ነጂው።

ጋሼ ገብቷቸዋል። መጀመሪያ ባለቤቱን አዩ፣ ቀጥሎ መንገዱን።

«እትዬ፣ እንጀራ ላስጨምርልዎት?» አለ ባለቤቱ። ብርጭቆውን አላስቀመጠም።

«ይበቃኛል» አልኩት።

ጋሼን ትንሽ ጠበቅኳቸው። ከዚያ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።