በእኔ ማመልከቻ የታጠረው ሜዳ

መካኒሳ ስንገባ ከቤታችን ፊት ለፊት ባዶ ሜዳ ነበር። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። ልብስ እናሰጣበታለን። ቤቱን የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከሜዳው ጥግ ይቆፍራል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ከጎናችን የሚኖሩት ባልቴት ያለቻቸውን አንዲት ላም የሚያግጡት እዚያው ነበር። የሚኖሩትም ወተቷን እየሸጡ ነው። ጡቴ በደረቀ ጊዜ ለልጄ ሳልጠይቃቸው ወተት ይልኩልኝ ነበር።

የጭቃው ጉድጓድ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። አንድ ክረምት ውሃ ሞልቶ የሰው በግ ሰጠመበት። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። በጉን በእግሩ ጎትተው ሲያወጡት ካየሁ በኋላ ሥራ አልያዝ አለኝ። ሊጥ እጄ ላይ እያለ እየወጣሁ ልጄን እጣራለሁ። ባለቤቴ ልጅቷ በግ አይደለችም እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ንባብ በመሠረተ ትምህርት ያደስኩት በዚያው ሰሞን ነው። ጎረቤቶቼን ባማክር ኖሮ ጉድጓዱን በአንድ ቅዳሜ እንደፍነው ነበር። ማን ቆፈረው፣ ማን ይድፈነው የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ለማንም ሳልናገር ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍኩ። ሜዳው ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ይታጠርልን አልኩ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ ፈርሜ፣ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ።

ከመስቀል በኋላ ሠራተኞች ቋሚ እንጨትና እሾሃማ ሽቦ ይዘው መጡ። ሜዳውን በሙሉ አጠሩት። ለሴቶች ማኅበር የጎመን ቦታ ይሆናል ተባለ። ጉድጓዱን አልነኩትም።

ጎረቤቴ ላማቸውን እየነዱ ሣር ፍለጋ እስከ ለቡ መሄድ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜ ጉልበታቸው አልቻለም። ወተቱም ቀነሰ። አንድ ቀን ቤቴ መጡና፣

«ልጄ፣ አንቺ ፊደል ቆጥረሻል። ለላሚቱ ጥጉን እንኳ እንዲተዉልኝ ጻፊልኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ወንበር አቀረብኩላቸውና ጻፍኩ፤ መፈረም ስለማይችሉ ስለ እሳቸው ሆኜ እኔው ፈረምኩ። አብሬያቸው እንድሄድ ሲለምኑኝም እምቢ ማለት አልቻልኩም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን አነበበ። ፊርማዬን ትንሽ አየና ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ጓዲት፣ ይታጠርልን ያልሽው አንቺ፣ ይከፈትልን የምትዪው አንቺ። ቀበሌው ጓዳሽ ነው እንዴ?»

ጸሐፊው ሳቀ። ጎረቤቴ ማንበብ አይችሉም፤ ሁለቱን ወረቀቶች አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ለልጄ ፈርቼ ነው አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ሊቀመንበሩ ጉዳዩ በማኅበሩ የተወሰነ ነው ብሎ አሰናበተን።

ስንመለስ ቦዩን ላሻግራቸው እጄን ዘረጋሁ። እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። በራቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ብትነግሪኝ እኮ እኔው በአካፋ እደፍነው ነበር» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ላሚቱን ከገና በፊት ለቄራ ነጋዴ ሸጧት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስላቸው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ይገባሉ፤ እንደ ድሮው ልጅቷ እንዴት አደረች አይሉኝም። ጎመኑ የበቀለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ቦታውን አረም ዋጠው፤ ሽቦውን ግን የሚያነሳው አልተገኘም። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሰፈሩን ለቀው ክፍለ ሀገር እህታቸው ዘንድ ገቡ። የሄዱበትን ቀን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ልጄ ምንም ሳትሆን አደገች። ለዚህ ፈጣሪዬን ሳመሰግን ጎረቤቴ ትዝ ይሉኝና ምስጋናውን ሳልጨርስ እተወዋለሁ።