በአንድ ሰዓት ሦስት ቤት

አሳዳጊዬ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ በተያዘበት ሳምንት ድሬ ዳዋ ውስጥ እንደ እኔ የተንከራተተ ሰው አልነበረም። ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ፣ ቀትር ላይ ቤት፣ ደግሞ ተመልሼ ፖሊስ ጣቢያ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ቁጭ ስል የስቅላት ገመድ ስለሚታየኝ መራመድ ይሻለኝ ነበር።

ሟቹ የባቡር ጥገና ቤቱ አለቃ ነው። ረቡዕ ቀን በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ድልድዩ ሥር፣ በጩቤ ተወግቶ ተገኘ። አሳዳጊዬ እዚያው ጥገና ቤት ብየዳ ይሠራ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ እያየ አለቃውን በጥፊ አጩሎታል። በጃንሆይ ዘመን ለመያዝ ይኸው ይበቃል፤ ለመሰቀልም ብዙ አይቀረውም።

ሰውየው የሞተው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ተባለ። ያ ሰዓት ደግሞ የድሬ ዳዋ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ የሚጋደምበት ነው። መንገድ ላይ ማንም ማንንም አያይም። ስለዚህ አሳዳጊዬን የሚያድነው "እኔ ቤት ነበር" የሚል ሰው ብቻ ነበር። እሱ ራሱ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ዝምታው ያናድደኝ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ በሥጋ የሚዛመድ ሰው የለም። እናቴ በሦስት ዓመቴ ለእሱ ትታኝ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጉኝ እሱና ሦስት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሦስቱም ሳይማከሩ ለምስክርነት ሮጡ። አክስቴ ለማለት በሶማሊኛ እዶ የምላት ሶማሌዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ እኔ ቤት በርጫ ላይ ጫት ሲቅም ነበር አለች። ሐረሪው ልብስ ሰፊ፣ ሱሪ እየለካሁት ነበር አለ። ጥጥ ፋብሪካ የምትሠራው ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ደግሞ፣ እኔ ጋ ቅልጥም ሲግጥ ነበር ብላ ማለች። ረቡዕ ቀን፣ በክርስቲያን ቤት፣ ለእስላም ቅልጥም! ሴትዮዋ ጾም ሽራ አታውቅም፤ መዋሸትም አታውቅበትም። አንዳቸው ብቻ ቢመሰክር ኖሮ ይታመን ነበር። ፍቅራቸው ገመዱን አጠበቀበት።

ቅዳሜ ምሳውን ይዤ ስሄድ መቶ አለቃው አሳዳጊዬን አስጠርቶ ፊት ለፊቱ አቆመኝ።

"ይሄ ሰውዬ በአንድ ሰዓት ሦስት ቤት ነበር" አለኝ። "የቀረሽው አንቺ ነሽ። በአምላክሽ ምለሽ ንገሪኝ፣ የት ነበር?"

"አባዬማ ከእኔ ጋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እሷን በሐሰት አታስምላት" አለ አሳዳጊዬ። "ባቡር ጣቢያ ነበርኩ። እናቷ ልትወስዳት ከጅቡቲ መጥታ ነበር። ልጅሽ ሞታለች ብዬ መለስኳት።"

ይህን ሲናገር ወለሉን ነበር የሚያየው። የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ተጠርቶ መጣና አስታወሰ፤ አንዲት ሴት መሬት ላይ እየተንከባለለች ስታለቅስ ይሄ ሰውዬ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አብሯት ቆይቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግፎ አሳፈራት አለ። አሳዳጊዬ ያኔውኑ ተፈታ። ገዳዩም በኋላ ተያዘ፤ የሟቹ የገዛ አማች ነበር።

እኔ ግን ማን ገደለ ማን ሞተ አላልኩም። አሳዳጊዬን ትቼ ወደ እዶ በረርኩ።

"ታውቂ ነበር?"

"ወላሂ ሁላችንም እናውቃለን" አለች። "እመጣለሁ ብላ የላከችውን ደብዳቤ ያነበበልን ልብስ ሰፊው ነው። አንቺ እንዳትሰሚ ነው የዋሸነው። አሥራ አንድ ዓመት አሳድገን ለማን እንስጥሽ?"

ሰደብኳቸው። አለቀስኩ። ልብሴን በሻሽ ቋጥሬ ሦስቴ እስከ ግቢው በር ሄድኩ፤ ሦስቴም ተመለስኩ። ከአራቱ አንዱን እንኳ መጥላት ብችል ኖሮ የማግስቱን ባቡር እይዝ ነበር። አልቻልኩም። እናቴ ጅቡቲ ውስጥ ልጄ ሞታለች ብላ ኖረች፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኳት።